ከናስትሮው ሥር የነበረው መብራት፦ የአንድ አሮጌ ኮሮላ የፍሬን ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናው የአጎቴ ነው። 2003 ኮሮላ፣ ፊቱ ዲስክ፣ ኋላው ታምቡር። ጋሼ ከገዙት ገና ዓመት አልሞላም። ቅሬታቸው ብዙ ነው። ቀዩ የፍሬን መብራት አደባባይ ሲዞሩ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርዱ ፍሬን ከያዙ መሪው ይንቀጠቀጣል። ፔዳሉም «ወረድ ብሏል፣ ልብ አይሰጥም» ይላሉ። ቼክ ኢንጂንም በርቷል፤ እሱን ግን ከቁጥር አላስገቡትም፣ ሲገዙትም በርቶ ነበር።

ከእኔ በፊት አንድ ጋራዥ አይቶታል። «ዘይት ጎድሏል» ብለው ሞልተው መለሱላቸው። መብራቱ ጠፋ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። ዝግ መስመር ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከጎደለ ወይ ሸራው፣ ዲስኩንና ታምቡሩን ታክኮ የሚያቆመው፣ አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይገፋና የተወውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት ቋቱ ቢወርድ በወራት፣ ቀስ ብሎ ነው። በሳምንታት ከወረደ ሌላ ነገር አለ።

መዞሪያ ላይ ብቻ ብልጭ የሚለውም ለዚህ ነው። ቋቱ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ዘይቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ መኪናው በዞረ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይተኛል፣ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ መብራቱ ይበራል። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፤ ዘይቱ ከታችኛው መስመር ጋር እኩል ነው። ቀለሙ የጀበና ቡና። አልሞላሁበትም። አሁን ብሞላው ምልክቱን አጠፋዋለሁ እንጂ በሽታውን አላገኘውም።

ቀጥሎ ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ዳሽቦርዱን አየሁ። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ብዙ ገንዘብ ይተርፍለታል። ቁልፍ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ መብራት አለባቸው፤ መኪናው አምፖሎቹን ራሱ የሚፈትሽበት ጊዜ ነው። የባትሪው በራ። የሞተር ዘይቱ በራ። የኤርባጉ በራ። ቢጫው ኤቢኤስ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው የፍሬን ክፍል ምልክት፣ ግን ጭራሽ አልመጣም።

ጋሼን «ይሄ መኪና ኤቢኤስ አለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የሸጠልኝ ሰው የለውም ብሎኛል» አሉ። ኮፈኑ ሥር ግን የኤቢኤሱ ሳጥን ቁጭ ብሏል፤ ወፍራም ሶኬት ተሰክቶበት፣ የፍሬን ቧንቧዎች ከላዩ ላይ ወጥተው። ታዲያ መብራቱ የት ሄደ?

የዳሽቦርዱን ክፈፍ ነቀልኩ፣ ቡሎኖቹን ፈታሁ፣ የፊቱን ፕላስቲክ አነሳሁ። ምልክቱ ላይ በልኩ ተቆርጦ የተለጠፈ ጥቁር ናስትሮ። ሥራው ጥራት አለው፤ በምላጭ ነው የተቆረጠው፣ ጠርዙ እንኳ አልተንሻፈፈም። በጥፍሬ ልጬ ቁልፉን እንደገና ስከፍት ቢጫው በራ።

ጋሼ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ይሄ ሰው ቤቱ ድረስ ቡና ጋብዞኛል እኮ» አሉ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ኤቢኤሱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ጠፋ። ከግቢ ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ ግን ተመልሶ በራ። ይህን ለብቻው ጻፍኩት፤ ኋላ ይጠቅማል። የሴንሰር ሽቦ የተበጠሰ ቢሆን ኖሮ ቆሞም ባልጠፋ ነበር። ጎማው ሲዞር ከበራ ሽቦው አለ፣ የሚመጣው መልእክት ነው የጎደለው።

ቀይና ቢጫ አንድ አይደሉም። ኤቢኤሱ ብቻ ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ የጎደለው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ነገር ነው። ቀዩ ከበራ፣ የእጅ ፍሬኑም ወርዶ ከሆነ፣ ጉዳዩ የዘይት ነውና መኪናው አይነዳም። ሁለቱ አብረው በርተው ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ደግሞ የኋላና የፊት ጎማን የፍሬን ጉልበት የሚያመዛዝነው ክፍል ጠፍቷል ማለት ነው፤ ድንገት ሲያዝ ኋላው ቀድሞ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ በቀዩ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት

መጀመሪያ ፔዳሉ። ሞተሩ ጠፍቶ እግሬ ሥር እስኪደርቅ ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ከዚያ ረግጬ ይዤ ሞተሩን አስነሳሁ። ፔዳሉ ትንሽ ወረደ። ስለዚህ ሰርቮው፣ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው፣ ደህና ነው። ይህን ያየሁት በቼክ ኢንጂኑ ምክንያት ነው። በስልክ የሚሠራው ርካሽ ማንበቢያ ፒ0171 ሰጥቶኝ ነበር፤ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። የሰርቮው ጎማ ቧንቧ ሲሰነጠቅ ሞተሩ ያልተለካ አየር ይስብና ይሄው ኮድ ይመጣል፣ ፔዳሉም ይደድራል። እዚህ ግን ፔዳሉ አልደደረም፣ ቧንቧውም ጤነኛ ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ሰርቮ ደግሞ የሚገፋው በዚያ ግፊት ነው። ከጅቡቲ የመጣ ሾፌር እዚህ ፔዳሉ ከበደኝ ቢል እውነቱን ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ። የፊት ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረግሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ፣ በክሪክ አንስቼ በብረት መደገፊያ አሳረፍኩ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆያ አይደለም፤ ሥሩ የሚገባ ሰው ይህን ይወቅ።

የግራው ታምቡር ዝጎ ተጣብቋል። እዚህ አገር ልማዱ በመዶሻ መነረት ነው። ቶዮታ ታምቡሩ ፊት ላይ ሁለት ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች ትቷል። 8 ሚሊሜትር ቡሎን በሁለቱም አስገብቶ እያፈራረቁ ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ነው። ታምቡሩ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። ጧ ብሎ ወጣ።

ነገሩም እዚያ ነበር። ውስጡ እርጥብ ነው። ሸራዎቹን የሚገፋው ትንሹ ሲሊንደር በሁለቱም ጫፍ የአቧራ መከላከያ ጎማ አለው፤ የአንዱን ከንፈር በካቻቢቴ ገለጥ ሳደርገው ዘይት ጠብ አለ። የታችኛው ግማሽ ሸራ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። ውጭ መሬት ላይ ጠብታ ያልታየው ታምቡሩ እንደ ድስት ይዞት ስለኖረ ነው።

አቧራውን በአየር አልነፋሁም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውኃ አርሼ በጨርቅ ጠረግሁ።

የሰፈራችን መካኒክ አጥር ላይ ሆኖ «ሸራውን በቤንዚን እጠበውና መልሰው፣ ጎሚኒውን ብቻ ቀይር» አለኝ። በጎሚኒው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱን በሚያግደው ጎማ፣ ጉዳይ ግማሽ ልክ ነው። ሲሊንደሩ ውስጡ ልሙጥ ከሆነ ጎሚኒ ይበቃዋል። በስልክ መብራት አየሁት፤ ውስጡ በዝገት ተቦርቡሯል፣ በጥፍር ይያዛል። አዲስ ጎሚኒ እዚያ ላይ ቢገባ ክረምት አይወጣም። ሙሉውን እቀይራለሁ። በሸራው ግን አልስማማም። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ይተፋል፣ ያኛው ጎማ ሲይዝ ይሄኛው ይንሸራተታል። የቀኙ ደረቅ ነው፤ ቢሆንም ሸራ በጥንድ ነው የሚቀየር።

እሑድ

የፊቱ። የቀኝ ጎማ ወጥቶ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ካሊፐር ስፈታ ሸራዎቹ እኩል አይደሉም። የውጩ 6 ሚሊሜትር ቀርቶታል፣ የውስጡ 2 እንኳ አይሞላም። እንዲህ ሲሆን ዐይን መሄድ ያለበት ወደ ካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ነው። ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ ወዲያ ወዲህ ካላለ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ብቻ ይጭናል። የታችኛው ፒን ጎማ ተቀዶ የክረምት ጭቃ ገብቶበታል። በእጅ አልወጣ አለ፤ በፒንሳ እያዞርኩ አወጣሁት። በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ቀባሁ። ተራ የኩሽኔታ ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ብዙ ፒን የሚጣበቀው በሱ ነው።

መሪ የሚያንቀጠቅጠው ዲስኩ ነው። ሰው «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሆነው ውፍረቱ ቦታ ለቦታ መለያየቱ ነው። ከጓደኛዬ በተዋስኩት ካሊብሮ ዙሪያውን ለካሁ፤ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። አንዱ ሸራ ሁልጊዜ እየታከከ ከኖረ ይሄ አይገርምም። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻላል፣ ግን ዲስኩ ላይ የተቀረጸው አነስተኛ ውፍረት አለ። የእኛው ከዚያ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሲላጥ ከዚያ በታች ይወርዳል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት አይሸከምም፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ የሚፈለገው ደግሞ እሱ ነው። አዲስ ጥንድ ይገዛል።

ጋሼ ዝርዝሩን አይተው «መኪናውን በሙሉ አትገዛልኝም?» አሉ።

ማክሰኞ ማታ

ዕቃው ተገዛ። ሁለት የኋላ ሲሊንደር፣ የፊትና የኋላ ሸራ፣ ሁለት ዲስክ፣ ዶት 3 ዘይት። ዘይቱን ያልተከፈተ እሽግ ብቻ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳል መሬት ይነካል። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝም አልፈልግ።

ቅዳሜ

የኋላው ገጠማ ብዙም የሚነገር የለውም፤ ምንጮቹ ጣት ይበላሉ፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁለቱንም ታምቡር አንዴ አልፈታሁም። የቀኙ እንደተገጠመ ተወው፣ ግራውን ስትገጥም እሱን እያየህ ትሠራለህ።

ፊት ላይ ዲስኩ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። እዚያ ላይ የተረሳ የዝገት ቅርፊት አዲሱን ዲስክ ያዘነብለውና ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። አዲስ ዲስክ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣም መታጠብ አለበት።

ከዚያ አየር ማስወጣት። ጋሼ መሪው ኋላ ተቀመጡ፣ እኔ ከቀኝ ኋላ ጎማ ጀመርኩ፣ ከፖምፓው፣ ፔዳሉ ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር፣ የሚርቀው እሱ ነው። ጎማ ቱቦ በማስወጫው ላይ፣ ሌላው ጫፍ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ።

«ጋሼ፣ ይርገጡ... ይያዙ... አይልቀቁ!»

«ይዣለሁ እኮ፣ ምን ትጮህብኛለህ?»

ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ጉማጅ አስቀምጫለሁ። የአሮጌ ፖምፓ ጎሚኒዎች ለዓመታት የሄዱት የመንገዳቸውን ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝገትና ዝቃጭ ነው። ድንገት እስከ ጥግ ከተረገጠ ጎሚኒው እዚያ ላይ ይቀደድና ሌላ ወጪ ይመጣል። ብዙ ጋራዥ «ዘይት ቀየርን፣ ፖምፓው ሞተ» የሚለው ይሄን ነው።

መጀመሪያ ቡናው መጣ፣ ከአረፋ ጋር። ቀስ እያለ ነጣ። ቋቱ ባዶ እንዳይሆን በየመሃሉ እየሞላሁ አራቱንም ጨረስን። ፔዳሉ አሁን ከላይ ይይዛል፣ ድንጋይ ነው። ቀዩ መብራት ጠፋ። ቋቱ ላይ በማርከር መስመር አሰመርኩ፣ ዘይቱ ከዚያ ከወረደ እናያለን።

እሑድ

አሁን ወደ ቢጫው። ርካሹ ማንበቢያ የሞተር ኮድ እንጂ የኤቢኤስ ኮድ አያነብም። ለዚህ መኪና ግን መሣሪያ አያስፈልግም። ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ። 4ኛውንና 13ኛውን በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ነው፤ መብራቱ ራሱ ይቆጥራል። 4ኛው ከላይኛው ረድፍ ነው፣ 13ኛው ከታችኛው ረድፍ አምስተኛው። ቆጥረህ፣ ደግመህ ቆጥረህ አስገባ። 16ኛው ላይ የባትሪ ጉልበት ሁልጊዜ አለ፤ ሽቦው እዚያ ቢገባ ሌላ ነገር ይቃጠላል።

ሦስት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አንዴ ብልጭ። 31። የቀኝ ፊት ጎማ የፍጥነት ሴንሰር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሮጦ ሴንሰር ይገዛል። ኮዱ ግን «ቀኝ ፊት» አለ እንጂ «ሴንሰር ቀይር» አላለም። ሶኬቱን ነቅዬ ለካሁ፤ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ኦም መሃል፣ ከግራው ጋር ተቀራራቢ። ጥቅልሉ ጤነኛ ነው። መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙሬ የግራውን ጎማ በእጄ አሽከረከርኩ። ቁጥሩ ዘለል ዘለል አለ፣ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት። ይሄ ሴንሰር ማግኔትና ጥቅልል ነው፤ ፊቱ ላይ የብረት ጥርስ ባለፈ ቁጥር ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የቀኙን አሽከረከርኩ። ዜሮ። በደንብ አሽከረከርኩ። ዜሮ።

ሴንሰሩን ፈትቼ በቀዳዳው ውስጥ በስልክ መብራት አየሁ። ጁንቶው ላይ፣ ጎማውን በሚያዞረው የአክሱል መጋጠሚያ ላይ፣ የጥርስ ቀለበት መኖር አለበት። የለም። ልሙጥ ብረት ነው የሚዞረው።

ነገሩ ተገጣጠመ። ከጋሼ በፊት የነበረ ባለቤት የቀኙን ጁንቶ ቀይሯል። የገዛው ኤቢኤስ ለሌለው ኮሮላ የተሠራውን ነው። በሁሉም ነገር አንድ ናቸው፣ ቀለበቱ ብቻ ይጎድላል። መኪናው ይሄዳል፣ ድምፅ የለውም፣ መብራት ብቻ ይበራል። ከዚያ ለመብራቱ ናስትሮ ተገኘ።

መካኒኩ አጥር ላይ ነው አሁንም። «ኤቢኤስ እዚህ አገር ምን ይሠራል?» አለ። ሐምሌ ላይ ከእንጦጦ ሲወረድ፣ አስፋልቱ ላይ ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲተኛ ምን እንደሚሠራ ነገርኩት። አልተዋጠለትም።

ሐሙስ

ሶማሌ ተራ። አሮጌውን ጁንቶ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። «ኤቢኤስ ያለው» ብዬ ስጠይቅ የመጀመሪያው ሱቅ ያለ ቀለበት አምጥቶ «ያው ነው» አለኝ። ምናልባት ለዚያ የድሮ ባለቤትም እንዲሁ ተብሎ ነው። በግራው ጎማ ጥርሱን በጠመኔ ምልክት አድርጌ ቆጥሬ ነበር፣ 48 ነው። ቀለበት ካለው ውስጥም 48 የሆነውን ነው የምፈልገው፤ ቁጥሩ ከተለየ ኮምፒውተሩ ቀኙ ጎማ በሌላ ፍጥነት የሚዞር ይመስለዋል። አንድ ልጅ ከጓዳ ያገለገለ አወጣ። ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ሁለት ሰው ሊያግዘኝ መጣና ሁለቱም የተለያየ ቁጥር አገኙ። የእኔ 48 ነው። ተከራክሬ ወሰድኩት።

ቅዳሜ

የመሃሉ ዳዶ በ30 ቡሶላ ይፈታል፣ ግን አስቀድሞ የተጠቀጠቀው ከንፈሩ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ የአክሱሉን ጥርስ ይበላል። ሲገጠም አዲስ ዳዶ። ቀለበቱን በጨርቅ ጠረግሁ፣ የሴንሰሩ ጫፍ ላይ የተከማቸውን የብረት ብናኝ አጸዳሁ፤ ማግኔት ስለሆነ ይሰበስባል።

በእጅ ሳሽከረክረው ቁጥሩ ዘለለ። ጋሼ «ምን አለ?» አሉ። «ተናገረ» አልኳቸው።

ኮዱን ለማጥፋት ያው የሁለቱ ቀዳዳ ሽቦ፣ ቁልፍ ክፍት፣ ፔዳሉን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስምንት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መርገጥ። መብራቱ ያለ ማቋረጥ እኩል ብልጭ ብልጭ ካለ ንጹሕ ነው። ሽቦው ወጣ፣ ወደ መንገድ። ቢጫው በርቶ ጠፋ፣ እንደጠፋም ቀረ። ሰው በሌለበት ኮረት መንገድ ላይ በዝግታ እየሄድኩ አጥብቄ ያዝኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ትርር አለ፣ ሳጥኑ ጮኸ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሼ «ተሰበረ!» አሉ። ኤቢኤስ ሲሠራ ሰምተው አያውቁም።

ቀሪ ሥራ

ቼክ ኢንጂኑ፦ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ቧንቧ እጥፋቱ ሥር ተሰንጥቋል፣ በእጅ ካልተዘረጋ አይታይም። ተቀየረ፣ ኮዱ ጠፋ፤ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ እየነዳን እናያለን።

የእጅ ፍሬን፦ 9 ቀጭታ ድረስ ይሄዳል። ከ5 እስከ 8 ባለው ላይ መያዝ አለበት። መጀመሪያ ሸራዎቹን በታምቡሩ ቀዳዳ በኩል ወደ ልካቸው ማምጣት፣ ገመዱን ኋላ። ብዙ ሰው ገመዱን ቀድሞ ያጠብቅና ሸራው ሲታከክ ይኖራል።

የዘይት ቋት፦ ማርከሩ ላይ ነው፣ አልወረደም። ጋሼ በየጠዋቱ ኮፈን እየከፈቱ ያዩታል፤ ቀኝ ኋላም ሲሊንደሩ አዲስ ስለሆነ ከወር በኋላ ሁለቱንም ታምቡር አንዴ ከፍቼ ደረቅ መሆናቸውን አያለሁ።